የፈጠራ ሥራ በቋሚ ሒሳብ ይቆጠር፦ ለብሔራዊ የስታቲስቲክስ ተቋማትና ለገንዘብ ሚኒስቴሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለየአገሩ ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ተቋማት ኃላፊዎች
ለገንዘብና ለባህል ሚኒስቴሮች

ጉዳዩ፦ በቅጂ መብት ላይ የተመሠረቱ ኢንዱስትሪዎች ለአገር ኢኮኖሚ የሚያበረክቱት ድርሻ በቋሚነትና በዝርዝር እንዲቆጠር ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

በመጻሕፍት ዝግጅትና አርትዖት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍላችሁ፣ ደራሲው፣ ሙዚቀኛው፣ የፊልም ባለሙያው፣ ሠዓሊው፣ ፎቶግራፍ አንሺውና የሶፍትዌር ባለሙያው የሚያመርቱት ሀብት በመዝገቦቻችሁ ውስጥ ተበታትኖ ስለሚገኝ፣ አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ሲታይም ወዲያው ስለሚረሳ ነው። የምጠይቀው ይህ ነው፦ በቅጂ መብት ላይ የተመሠረቱ ኢንዱስትሪዎች ለአገር ኢኮኖሚ የሚያበረክቱት ድርሻ በራሱ ቋሚ ሒሳብ በየጊዜው ይቆጠር፤ የአቆጣጠሩ ዝርዝር ለሕዝብ ይገለጽ፤ ከገቢው ምን ያህሉ ለፈጣሪዎቹ እንደሚደርስም በዚያው ሒሳብ ውስጥ ይታይ። በደብዳቤው የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዘርፉ ለኢኮኖሚ ሚዛን የማይደፋ ጌጥ ነው የሚለው አስተሳሰብ በቁጥር ተፈትኖ የወደቀው ገና ድሮ ነው። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ በተለምዶ ዋይፖ የሚባለው፣ በ2003 ያወጣውንና በ2015 ያሻሻለውን የጥናት መመሪያ ተከትለው በርካታ አገሮች ዘርፉን ለክተዋል። በእነዚህ ጥናቶች መሠረት ድርሻው ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት በጃማይካ 4.8 በመቶ፣ በፊሊፒንስ 4.82 በመቶ፣ በሜክሲኮ 4.77 በመቶ፣ በኬንያ 5.32 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። በዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ የዘርፉ ማኅበራት ጥምረት በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ዋናዎቹ የቅጂ መብት ኢንዱስትሪዎች ብቻቸውን በ2021 ከ1.8 ትሪሊዮን ዶላር በላይ እሴት እንደጨመሩ፣ ይህም ከኢኮኖሚው 7.76 በመቶ እንደሆነና 9.6 ሚሊዮን ሰዎችን እንዳሠሩ አስፍሯል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ጉዳዩ በቀጥታ ከሚመለከታቸው ወገኖች የመጣ መሆኑን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል፤ እንዲህ ያለውን ሒሳብ ገለልተኛ የመንግሥት የስታቲስቲክስ ተቋም እንዲይዘው የምፈልግበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ግን ከመቶኛው በላይ የሚያሳስብ ነገር ይታየዋል። በሜክሲኮና በፊሊፒንስ ዘርፉ ከምርቱ 5 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ከሥራ ስምሪቱ 11 በመቶ ያህሉን ይዟል። በጃማይካና በኬንያ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ፣ ከምርቱ 5 በመቶ አካባቢ ያበረከተው ዘርፍ በሥራ ስምሪት ረገድ የተመዘገበለት 3 በመቶ አካባቢ ነው። በአንደኛው ወገን ብዙ ሰው ትንሽ እሴት የሚካፈልበት ሥራ እናያለን፤ በሌላኛው ወገን ወይ ጥቂት ሰው ከፍ ያለ እሴት የሚያመርትበት ሁኔታ አለ፣ ወይ ደግሞ የሚሠሩት ሰዎች በቆጠራው አልተገኙም። ከእነዚህ ሁለት ምክንያቶች የትኛው እውነት እንደሆነ ጠቅላላ ድምሩ አይነግረንም። የእጅ ጥበብና የልብስ ሥራ በሒሳቡ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ፣ ሶፍትዌር ምን ያህል እንደያዘ፣ በግል የሚሠራው ሰው ተቆጥሮ እንደሆነና እንዳልሆነ ካልታወቀ፣ ሚኒስትሩ ከ4.8 በመቶ ተነሥቶ ሊወስነው የሚችለው አንድም ነገር የለም። ኩራት ሊሰማው ይችላል፤ በጀት መመደብ ግን አይችልም።

መቁጠር ብቻውን የአንድን ዘርፍ ዕጣ እንዴት እንደሚለውጥ ናይጄሪያ በ2014 አሳይታለች። አገሪቱ የብሔራዊ ሒሳቧን መነሻ ዓመት፣ ማለትም የኢኮኖሚዋን ስፋት የምታሰላበትን የማነጻጸሪያ ዓመት፣ ከ1990 ወደ 2010 ስታሻግር የ2013 አጠቃላይ ምርቷ ቀድሞ ከተሰላው በ89 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የቴሌኮም አገልግሎትና ሌሎችም ለዚህ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ከአዳዲሶቹ መደቦች አንዱ ደግሞ ፊልም፣ የድምፅ ቅጂና የሙዚቃ ምርት ሲሆን፣ ከኢኮኖሚው 1.4 በመቶ ያህል ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ተጻፈ። ኖሊውድ የሚባለው የናይጄሪያ የፊልም ኢንዱስትሪ በዚያ ዓመት አልተወለደም። ፊልሞቹ ሲቀረጹ፣ ሲባዙና ሲሸጡ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ተዋናዮቹም ከአገራቸው ውጭ ሳይቀር ታዋቂ ነበሩ። የመነሻ ዓመቱ 1990 ስለነበረ ግን፣ ከዚያ በኋላ ያደገው ሥራ በብሔራዊ ሒሳቡ ውስጥ በልኩ የሚገባበት ቦታ አልነበረውም። መነሻ ዓመታችሁ ካረጀ በመጀመሪያ የሚጎዱት በቅርቡ ያደጉት ሥራዎች ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል የፈጠራ ሥራዎች ግንባር ቀደም ናቸው።

አሁን ችግሩ የት እንደሚጀምር ከራሴ ሙያ ተነሥቼ ላሳያችሁ። አንድ መጽሐፍ ከደራሲው ጠረጴዛ ተነሥቶ አንባቢ እጅ እስኪገባ ድረስ የሚያልፍባቸው እጆች በዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ እንቅስቃሴዎች ምደባ አራተኛ እትም ውስጥ አንድ ቦታ አይገኙም። ደራሲው በቁጥር 9000፣ በፈጠራ፣ ጥበብና መዝናኛ ሥራዎች ሥር ነው። መጽሐፉ ትርጉም ከሆነ ተርጓሚው በ7490፣ ከሌሎች ልዩ ልዩ የሙያ አገልግሎቶች ጋር ተደባልቋል። የሽፋን ሥዕሉን የነደፈው ባለሙያ 7410፣ ለሽፋኑ ፎቶግራፍ ያነሣው 7420፣ አሳታሚው 5811፣ ማተሚያ ቤቱ ከፋብሪካዎች ጎን በ1811፣ መጻሕፍት ሻጩ ከችርቻሮ ንግድ ጋር በ4761 ይገኛሉ። ስለዚህ ለአንድ አገር ‹‹የመጽሐፍ ኢንዱስትሪያችሁ ምን ያህል ነው?›› የሚል ጥያቄ ቢቀርብ፣ መልሱ በሰባት ቁጥሮች ሥር ተሰነጣጥቆ የተቀመጠ ነው። ከሰባቱ አንዳንዶቹ ደግሞ ከመጽሐፍ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው ሥራ ጋር ተደምረው ይወጣሉ። የምደባው አዘጋጆች ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም፤ ምደባው የተሠራው ለሌላ ዓላማ ነው። ነገር ግን እነዚህን ቁርጥራጮች መልሶ የሚገጣጥም ሌላ ሒሳብ ካልተዘጋጀ፣ ዘርፉ በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ውስጥ እያለ በየትኛውም ሠንጠረዥ አይታይም።

የዋይፖ መመሪያ ይህን መልሶ የመግጠም ሥራ በአራት ቡድን ያከናውነዋል። የመጀመሪያው ቡድን ሙሉ በሙሉ በቅጂ መብት ላይ የቆሙትን ዋና ኢንዱስትሪዎች ይይዛል፤ ፕሬስና ሥነ ጽሑፍ፣ ሙዚቃና ቲያትር፣ ፊልምና ቪዲዮ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ፎቶግራፍ፣ ሶፍትዌርና የመረጃ ቋት፣ የሥዕልና የግራፊክ ጥበብ፣ ማስታወቂያ፣ እንዲሁም ለመብት ባለቤቶች ክፍያ የሚሰበስቡና የሚያከፋፍሉ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት በዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ያለ እነዚህ ሥራዎች ገበያ የማይኖራቸውን ቴሌቪዥን፣ ኮምፒዩተር፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ የፎቶ ኮፒ ማሽንና ወረቀት የሚያመርቱና የሚሸጡትን ያካትታል። ሦስተኛው ልብስ፣ ጌጣጌጥ፣ የቤት ዕቃ፣ ምንጣፍ፣ መጫወቻና ሥነ ሕንፃን የመሳሰሉ፣ ከሥራቸው ከፊሉ ብቻ የቅጂ መብት ጥበቃ የሚያገኝላቸውን ይዟል። አራተኛው ሁሉንም የሚያገለግሉት ንግድ፣ ትራንስፖርትና ቴሌኮም ናቸው። ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቡድኖች እሴታቸው በሙሉ ሳይሆን የተወሰነ መቶኛው ብቻ ይወሰዳል፤ ያ መቶኛ በየአገሩ በሚደረግ የዳሰሳ ጥናት መወሰን ሲገባው ከሌላ አገር ጥናት ተወስዶ የሚገባበት ጊዜ አለ።

መመሪያው ጥሩ መመሪያ ነው፤ ሆኖም ድምሩ ሲወጣ አራቱ ቡድኖች አንድ ላይ ተጨፍልቀው በዜና ይነገራሉ፤ አድማጩም ያ ሁሉ ገንዘብ የደራሲና የዘፋኝ ሥራ ውጤት ይመስለዋል። የቴሌቪዥን መገጣጠሚያ ፋብሪካና የወረቀት አስመጪ በውስጡ እንዳሉ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በበኩሌ የምንወደውን ዘርፍ በተጋነነ ቁጥር መከላከል እንደሚጎዳው አምናለሁ፤ አንድ ቀን ጠንቃቃ የኢኮኖሚ ባለሙያ ድምሩን ፈትቶ ሲያሳይ፣ እውነተኛው ክፍልም አብሮ አመኔታ ያጣል። ስለዚህ ዋናዎቹ ኢንዱስትሪዎች ምንጊዜም ለብቻቸው ይጻፉ፤ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ቡድን የተወሰደው መቶኛም ከየት እንደመጣ ከጎኑ ይገለጽ። ከአጠቃላይ ሽያጭ ይልቅ የተጨመረ እሴት፣ ማለትም ከሽያጩ ላይ ለግብዓት የወጣው ሲቀነስ የሚቀረው፣ መለኪያ መሆን እንዳለበት ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለሕዝብ በሚነገረው ዜና ግን ሁለቱ ሲቀላቀሉ በተደጋጋሚ ይታያል፤ ማተሚያ ቤቱ የገዛው ወረቀት በወረቀት ነጋዴው ሽያጭ፣ በማተሚያ ቤቱ ሽያጭ፣ በአሳታሚው ሽያጭና በመጻሕፍት መደብሩ ሽያጭ አራት ጊዜ ይቆጠራል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት እንድትሰጡት የምለምናችሁ የሠራተኛ ኃይል ጥናት መጠይቃችሁን ነው፤ የፈጠራ ሰው ከአገር ሒሳብ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ጠያቂው ቤት ገብቶ ‹‹ባለፉት ሰባት ቀናት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ክፍያ ወይም ትርፍ የሚያስገኝ ሥራ ሠርተዋል?›› ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ልብ ወለድ ስትጽፍ የቆየች ሴት ምን ብላ ትመልስ? በዚያ ሳምንት ማንም አልከፈላትም፤ የሚከፈላትም መጽሐፉ ከታተመ በኋላ፣ ያውም ከተሸጠ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ‹‹ዋና ሥራዎ ምንድን ነው?›› የሚለው ይመጣል። ቀን ቀን ትምህርት ቤት እያስተማረ ማታ ማታ ዜማ የሚደርስና የሚያቀናብር ሰው መምህር ተብሎ ይመዘገባል፤ ለሙዚቀኞች፣ ለዘፋኞችና ለዜማ ደራስያን የተሰጠው የሙያ ቁጥር 2652 በእርሱ ስም አንድም ሰው አያገኝም። ደራስያን 2641፣ የሥነ ጥበብ ባለሙያዎች 2651፣ ተዋንያን 2655 የሚል ቁጥር በዓለም አቀፉ የሙያ ምደባ ተሰጥቷቸዋል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ኑሯቸውን የሚደጉሙት በሌላ ሥራ ስለሆነ ቁጥሮቹ ባዶ ሊባሉ በሚችሉበት ሁኔታ ይወጣሉ። ሚኒስቴሩም ሠንጠረዡን አይቶ በአገሩ ያሉት ዜማ ደራስያን እዚህ ግቡ የሚባሉ አይደሉም ብሎ ይደመድማል፤ ሬዲዮው ግን ከጠዋት እስከ ማታ የእነርሱን ሥራ ያሰማል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሁለተኛ ሥራን የሚጠይቀው ክፍል በብዙ መጠይቆች ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ የጎደለው መልሱን እንደ ዋናው ሥራ እስከ አራተኛው አሃዝ ድረስ መመደብና ማሳተም ነው። ከዚህ ጋር ባለፉት 12 ወራት ከድርሰት፣ ከሙዚቃ፣ ከሥዕል፣ ከፎቶግራፍ፣ ከፊልም ወይም ከሶፍትዌር ሥራ ማንኛውንም ገቢ ስለማግኘት የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ፣ ገቢው ለሥራው በአንድ ጊዜ የተከፈለ ይሁን በሮያሊቲ መልክ፣ ማለትም ሥራው በተሸጠ ወይም ጥቅም ላይ በዋለ ቁጥር፣ የሚመጣ የሚለይ ሌላ አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ ዛሬ በግምት የሚነገረው ብዙ ነገር በመረጃ ይተካል። የዓለም ሥራ ድርጅት ያስተናገደው የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤም በ2018 ለራሱ በሚሠራ ሰውና በተቀጣሪ መካከል ላሉ ሰዎች አዲስ መደብ ፈጥሯል፤ ለአንድ አሳታሚ ወይም ለአንድ ስቱዲዮ ብቻ በውል እየሠሩ ደመወዝተኛ ያልሆኑት የእኛ ሙያ ሰዎች በዚህ መደብ በትክክል ሊገለጹ ይችላሉ።

በንግድ ሒሳብም ተመሳሳይ ክፍተት አለ። ጉምሩክ የሚያየው ዕቃውን ነው። ሶፍትዌር በዲስክ ይሻገር በነበረበት ዘመን፣ በዓለም አቀፉ የንግድ ስምምነት ሥር በ1984 የተላለፈ ውሳኔ አገሮች ለኮምፒዩተር የተዘጋጀውን ሶፍትዌር ትተው በተሸካሚው ዲስክ ዋጋ ላይ ብቻ ቀረጥ እንዲጥሉ ፈቅዶላቸው ነበር፤ በውስጡ ያለው ሥራ ምንም ያህል ቢያወጣ በዚያ ስሌት ድንበሩን የሚሻገረው በባዶ ዲስክ ዋጋ ነው። ዛሬ ደግሞ ዲስኩም ቀርቷል፤ ፊልሙ፣ ዘፈኑና ፕሮግራሙ ፋይል ሆነው ስለሚሻገሩ ጉምሩክ ጨርሶ አያገኛቸውም፤ የሚያገኛቸው ባንክና ከውጭ የሚገባውንና ወደ ውጭ የሚወጣውን ክፍያ የሚመዘግበው የክፍያ ሚዛን ሒሳብ ነው። እዚያም ቢሆን ለአእምሯዊ ንብረት መጠቀሚያ የሚከፈለው ገንዘብ የፓተንቱን፣ የንግድ ምልክቱንና የፍራንቻይዙን ክፍያ ከመጽሐፍ፣ ከፊልምና ከሶፍትዌር ፈቃድ ክፍያ ጋር በአንድ ርእስ ይዞ ይወጣል። አገሪቱ ለውጭ ፊልምና ለውጭ ሶፍትዌር በየዓመቱ ምን ያህል እንደምትከፍል፣ የራሷ ሙዚቃ ከውጭ ምን ያህል እንደሚያስገባላት ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ይህ ርእስ ሲከፈል ነው።

ለገንዘብ ሚኒስቴሮች በተለይ የምለው አለኝ። የተባበሩት መንግሥታት የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት በ1993 እትሙ ሶፍትዌርን፣ እንዲሁም የመዝናኛ፣ የሥነ ጽሑፍና የጥበብ ኦሪጅናል ሥራዎችን፣ ማለትም ቅጂዎቹ የሚባዙባቸውን የመጀመሪያ ሥራዎች፣ ከቋሚ ሀብት ቆጥሯቸዋል፤ የ2008ቱ እትም ደግሞ የአእምሯዊ ንብረት ውጤቶች በሚል ርእስ አሰባስቧቸዋል። አንድ ፊልም ለመሥራት የወጣው ገንዘብ እንደ ፍጆታ ሳይሆን፣ ለብዙ ዓመት ገቢ እንደሚያስገኝ ሕንፃ ወይም ማሽን እንደ ኢንቨስትመንት ይቆጠር ማለት ነው። ዩናይትድ ስቴትስ ይህን ለጥበብ ኦሪጅናል ሥራዎችና ለምርምር ወጪ በ2013 ተግባራዊ ስታደርግ፣ ከሌሎች ማሻሻያዎች ጋር ተደምሮ የ2012 አጠቃላይ ምርቷ በ3.6 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሥርዓቱን በስም ተቀብሎ በተግባር ግን ኦሪጅናል ሥራዎችን ሳይገምት የሚያልፍ አገር፣ ደራሲዎቹና የፊልም ሠሪዎቹ ያፈሩትን ሀብት ራሱ ከሀብት አልቆጠረውም። ባንክ ለአንድ የፊልም ድርጅት ብድር ሲከለክል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ማስያዣ የለም የሚል ነው፤ መንግሥት ራሱ በብሔራዊ ሒሳቡ ያላወቀውን ሀብት ባንክ እንዲያውቀው መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

የፈጣሪዎቹ ድርሻ ለብቻው ይታይ የምለው፣ የኢንዱስትሪው ማደግና የፈጣሪው ኑሮ መሻሻል አንድ ነገር ስላልሆኑ ነው። የፈጠራ ሥራ የመጀመሪያውን ቅጂ ለማዘጋጀት ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ቅጂዎች ለማባዛት ግን የሚያስፈልገው ወጪ እጅግ ትንሽ ነው፤ በዲጂታል ዘመን ደግሞ ከምንም አይቆጠርም። የመጀመሪያውን ወጪ የሚሸከሙት በአብዛኛው ፈጣሪውና አሳታሚው ወይም ፕሮዲዩሰሩ ሲሆኑ፣ ከመባዛቱ የሚገኘው ገቢ የሚሰበሰበው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። የዓለም አቀፉ የደራስያንና የሙዚቃ ደራስያን ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አባላት በ2023 በመላው ዓለም ለመብት ባለቤቶች የሰበሰቡት ክፍያ 13.1 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ነበር፤ ከዚህ ውስጥ የአፍሪካ ድርሻ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። የአህጉሩ ሙዚቃ በዓለም ዙሪያ ይደመጣል፤ የሚሰበሰበው ክፍያ ግን ከዚህ ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ይህ ልዩነት ከሕግ ማስከበር፣ ከማኅበራቱ አቅም፣ ከብሮድካስተሮች አለመክፈል ወይም ከሥራዎች አለመመዝገብ የመጣ መሆኑን ለይቶ ለመናገር፣ እያንዳንዱ አገር በዓመት የተሰበሰበውን፣ ለአስተዳደር የተቀነሰውን፣ የተከፋፈለውንና ባለቤቱ ሳይገኝ የቆየውን ገንዘብ ማሳተም አለበት። የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ፈቃድ የሚያገኙት በሕግ ስለሆነ፣ እነዚህን አራት ቁጥሮች በየዓመቱ ለስታቲስቲክስ ተቋሙ እንዲያስገቡ ማስገደድ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ የምወደውን ዘርፍ በሚመለከት አንድ ጥንቃቄ ላንሣ፤ ማንሣቱ ክርክሬን ያዳክመዋል ብዬ አላምንም። በቅጂ መብት ላይ የተመሠረቱ ኢንዱስትሪዎች ድርሻና የቅጂ መብት ሕግ ራሱ ያመጣው ድርሻ አንድ አይደሉም። ሕጉ ባይኖርም ሰዎች ይዘፍናሉ፣ ይጽፋሉ፣ ጋዜጣም ይታተማል፤ መጠኑና አከፋፈሉ ነው የሚለየው። በ2007 በዩናይትድ ስቴትስ የኮምፒዩተርና የኮሙኒኬሽን ኢንዱስትሪ ማኅበር ይህንኑ የዋይፖ ዘዴ ተጠቅሞ፣ ከቅጂ መብት ገደቦች፣ ማለትም ያለ ፈቃድ በአግባቡ ከመጠቀም ነፃነት የሚጠቀሙ ኢንዱስትሪዎች የአገሪቱን ምርት አንድ ስድስተኛ ያበረክታሉ የሚል ጥናት አውጥቶ ነበር። አንዱ ዘዴ ለጥበቃው ጠበቃም ለገደቡ ጠበቃም ትልቅ ቁጥር የሚሰጥ ከሆነ፣ ቁጥሩ ብቻውን ሕግ ይጥበቅ ወይም ይላላ ለማለት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ቤተ መጻሕፍት፣ ትምህርት ቤትና ማየት የተሳናቸው አንባቢዎች የሚጠቀሙባቸው የሕግ ገደቦችም የዚሁ ኢኮኖሚ አካል ናቸው፤ የዛሬው ተማሪ የነገ መጽሐፍ ገዢና የነገ ደራሲ ነውና። ስለዚህ ቆጠራውን የምጠይቀው ለአንዱ ወገን መከራከሪያ እንዲሆን አይደለም፤ ሁሉም ወገን የሚከራከርበት መነሻ አንድና ታማኝ እንዲሆን ነው።

የዚህ ዓይነት መነሻ አለመኖር ምን እንደሚያስከፍል በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ አይተናል። ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዚያ ዓመት በባህልና ፈጠራ ኢንዱስትሪዎች 10 ሚሊዮን ያህል ሥራ በመላው ዓለም እንደጠፋና የተጨመረው እሴት በ750 ቢሊዮን ዶላር እንደቀነሰ ገምቷል። ቲያትር ቤቶችና የሙዚቃ መድረኮች ሲዘጉ መንግሥታት ድጋፍ ለመስጠት ተነሡ፤ በደመወዝ መዝገብ ላይ ያልነበረ ሙዚቀኛ ግን ሥራ እንዳጣ የሚያረጋግጥበት ሰነድ አልነበረውም፤ ሠራተኛ ሆኖ ያልተቆጠረ ሰው ሥራ አጥ ሆኖም አይቆጠርምና። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ቀደም ሲል የጠቀስኩት ኮንፌዴሬሽን በ2024 ባስጠናው ትንበያ መሠረት በ2028 የሙዚቃ ፈጣሪዎች ገቢ 24 በመቶ፣ የኦዲዮቪዥዋል፣ ማለትም የፊልምና የቴሌቪዥን፣ ፈጣሪዎች ገቢ 21 በመቶ አደጋ ላይ ይወድቃል። ትንበያው ትክክል ይሁን የተጋነነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መመርመር የሚቻለው የዛሬው ገቢ ዛሬ ከተመዘገበ ብቻ ነው። ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ መነሻውን መለካት አይቻልም።

ስለ አሠራሩ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ቱሪዝም እንደ መጽሐፉ ሁሉ በሆቴል፣ በትራንስፖርት፣ በምግብና በንግድ ቁጥሮች ሥር የተበታተነ ስለሆነ፣ ከዋናው ብሔራዊ ሒሳብ ሳይነጠል ጎን ለጎን የሚሄድ ሳተላይት አካውንት ተዘጋጅቶለታል፤ ብዙ አገሮችም በየጊዜው ያሳትሙታል። ኮሎምቢያ ለባህል ዘርፍ ይህን ከብዙዎች ቀድማ ሠርታለች፤ ዩናይትድ ስቴትስም ከ2013 ጀምሮ ለጥበብና ለባህል ምርት የራሱ አካውንት አላት። ወጪው በአንድ ጊዜ ለሚደረግ ሰፊ ጥናት ከሚወጣው እምብዛም አይበልጥም፤ አብዛኛው መረጃ በግብር መዝገብ፣ በድርጅቶች ዳሰሳና በክፍያ ሚዛን ሒሳብ ውስጥ አስቀድሞ የተሰበሰበ ነውና። የአንድ ጊዜ ጥናት በተሠራበት ዓመት ይከበራል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ሌላ ሥራ ይዘዋል፣ የተጠቀሙበት የስሌት ሠንጠረዥም ጠፍቷል፤ ፖለቲከኛው ግን ያንኑ መቶኛ ገና አሁን እንደተለካ አድርጎ በየመድረኩ ይጠቅሰዋል።

ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የስታቲስቲክስ ተቋማት ለቅጂ መብት ኢንዱስትሪዎች ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ የሚታተም ሳተላይት አካውንት እንዲያቋቁሙ፣ አራቱን ቡድኖች ለየብቻ እንዲያሳዩ፣ የተጠቀሙባቸውን መቶኛዎችም ከነምንጫቸው እንዲያወጡ፤ የባህል ሚኒስቴሮች ከጋራ አስተዳደር ማኅበራት የሚመጣውን የመሰብሰብና የማከፋፈል መረጃ ለዚህ አካውንት እንዲያስገቡ፤ የገንዘብ ሚኒስቴሮች ደግሞ የጥበብ ኦሪጅናል ሥራዎች ከቋሚ ሀብት መቆጠራቸውን እንዲያረጋግጡና ለአካውንቱ ዘላቂ በጀት እንዲይዙ። ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የሚቀጥለው የሠራተኛ ኃይል ጥናት መጠይቅ ከመጽደቁ በፊት፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለት ጥያቄዎች እንዲገቡበትና የሁለተኛ ሥራ መልሶች በሙሉ የሙያ ቁጥራቸው እንዲመደቡ እለምናለሁ፤ ለዚህ አዲስ ሕግም ሆነ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፣ በመጠይቁ አዘጋጆች ስብሰባ ላይ በአንድ አጀንዳ ሊወሰን ይችላል።

ከአክብሮት ጋር